የመጀመሪያው ካሜራ በ2,000 ሼቄል፦ ገንዘቡ የት ይዋል?

አዲስ ቦዲ ወይስ ጥሩ ሌንስ? በቤት ኤሊዔዘር ሳሎን ውስጥ የአያትን ፊት በደንብ ለማንሳት ምን ያስፈልጋል፣ ምንስ አያስፈልግም?

ለምሳሌ ያህል በቅርቡ ከሠራዊት የተለቀቀች አንዲት ወጣት እናስብ። የምትኖረው በሐዴራ፣ ቤት ኤሊዔዘር ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቡና ተፈልቷል፤ አያቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ታነሳቸዋለች። ፎቶውን ስታየው ነጠላው በርቶ ፊታቸው ጨልሟል፣ እጃቸውም ሲንቀሳቀስ ደብዝዟል። ሁለተኛ ታነሳለች፣ ሦስተኛ ታነሳለች፤ ያው ነው። «በቃ፣ ካሜራ መግዛት አለብኝ» ብላ ትወስናለች። ለዚህ የሚሆን 2,000 ሼቄል አላት።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በኢንተርኔት አንድ ጊዜ «ካሜራ» ብላ ከፈለገች ማስታወቂያው ቀኑን ሙሉ ይከተላታል። አንዱ ሻጭ 24 ሜጋፒክስል ይላል፣ ሌላው ሁለት ሌንስና ሃያ ዕቃ ያለው ጥቅል ያቀርባል፣ ሦስተኛው በ12 ታሽሉሚም እንድትከፍል ይጋብዛታል። ጓደኞቿ ደግሞ «ዲኤስኤልአር ማን ይገዛል ዛሬ? መስታወት የሌለውን ግዢ» ይሏታል።

ልጅቷ ምሳሌ ናት፤ ጥያቄው ግን የብዙ ወጣቶች ነው። መልሱም በአጭሩ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ቦዲው አሮጌ ይሁን፣ ሌንሱ ግን ብርሃን የሚያስገባ ይሁን። ምክንያቱ ደግሞ ከቴክኒክ ያለፈ ነው።

ዋጋው ለምን ወረደ?

ዲኤስኤልአር ማለት በውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ዲጂታል ካሜራ ነው። ብርሃን በሌንሱ ይገባል፣ መስታወቱ ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ሰውየውም በመመልከቻው ቀዳዳ ያየዋል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ይነሣል፣ ሹተር የሚባለው መጋረጃ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። «ቸክ» የሚለው የታወቀ ድምፅ የመስታወቱና የመጋረጃው ድምፅ ነው።

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ዲጂታል ካሜራ፣ የኮዳክ ዲሲኤስ፣ የወጣው በሜይ 1991 ነበር። ያው ወር ዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ያመጣበት ወር ነው። ካሜራው በኒኮን ኤፍ3 የፊልም ካሜራ ላይ የተሠራ ሲሆን 1.3 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረው። ፎቶዎቹ የሚቀመጡት በትከሻ በሚነገት የተለየ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ዋጋውም በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። ግለሰብ ሊገዛው የሚያስበው ዕቃ አልነበረም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ካነን 300ዲ የተባለውን ሞዴል ከ1,000 ዶላር በታች አወጣና ዲኤስኤልአር ወደ ተራው ሰው እጅ መግባት ጀመረ።

አሁን ደግሞ ጊዜው ሌላ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ኒኮን ለጀማሪዎች ይሠራቸው የነበሩትን ዲ3500ን እና ዲ5600ን ማምረት አቁሟል። ካነንም ከዚህ በኋላ አዲስ ትልቅ ባለሙያ ዲኤስኤልአር እንደማያወጣ በ2021 ተናግሯል። ስለዚህ ብዙ ሰው የነበረውን እየሸጠ አዲሱን ይገዛል። ያድ ሽታይምን የመሰሉ የሁለተኛ እጅ ድረ ገጾች ላይ ዲኤስኤልአር የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። እነዚህ ካሜራዎች የረከሱት መጥፎ ስለሆኑ ሳይሆን ፋሽኑ ስላለፈባቸው ነው። በ2013 የወጣው ካነን 700ዲ 18 ሜጋፒክስል አለው። ይህ በጥሩ ጥራት 44 በ29 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፎቶ ለማተም ይበቃል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል። የዛሬ አሥር ዓመት የሰርግ አልበም የተሠራበት ካሜራ ዛሬም የሰርግ አልበም ይሠራል።

ሳሎኑ የሚፈልገው ብርሃን ነው

ወደ አያትየው እንመለስ። ፎቶው የደበዘዘው ስልኩ ሜጋፒክስል ስላነሰው አይደለም፤ ብርሃን ስላነሰው ነው። ለሰው ዓይን ብሩህ የሚመስል ሳሎን ለካሜራ ጨለማ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው መጋረጃውን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ይጠብቃል። በዚያ መካከል አያትየው ሲኒ ካነሱ ወይም ራሳቸውን ከነቀነቁ ምስሉ ይደበዝዛል።

ከጀማሪ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ 18-55 ይባላል። ሰፊም ያነሳል፣ ትንሽም ያቀርባል፤ ለቀን ብርሃን ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲያቀርቡበት የብርሃን ቀዳዳው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል። አፐርቸር የሚባለው ይህ ቀዳዳ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሰፋል። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በተግባር ሲታይ፣ በ18-55 ሌንስ የሰከንድ አንድ አሥራ አምስተኛ የሚፈጀው ፎቶ በኤፍ 1.8 ሌንስ ከሰከንድ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ይነሣል። የመጀመሪያው ደብዛዛ እጅ ነው፤ ሁለተኛው ቡና የሚቀዳ እጅ ነው።

እንዲህ ያሉት ሌንሶች ዙም የላቸውም። ለማቅረብ መቅረብ፣ ለማራቅ መራቅ ነው። ግን ርካሽ ናቸው። የካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም በ2015 ሲወጣ ዋጋው 125 ዶላር ገደማ ነበር። ኒኮን ለትንሽ ሴንሰር ካሜራዎቹ በ2009 ያወጣው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ 200 ዶላር ገደማ። ሁለቱም በሁለተኛ እጅ ገበያ በብዛት ይገኛሉ።

የትኛውን? እዚህ ላይ የሳሎኑ ስፋት ይወስናል። በጀማሪ ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፊልም ዘመን እንደነበረው 80 ሚሊ ሜትር ያህል ያጠብባል። ለአንድ ሰው ፊት በጣም ጥሩ ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን ቡና ዙሪያ የተቀመጡትን ስድስት ሰዎች በአንድ ፎቶ ለማስገባት ጀርባ ግድግዳ እስኪነካ ማፈግፈግ ይጠይቃል፤ ያም ላይበቃ ይችላል። የኒኮን 35 ሚሊ ሜትር ለዚህ መካከለኛ ነው፣ ለፊትም ለቤተሰብም ይሆናል። ካነን ለያዘ ሰው ደግሞ ቀጭኑ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም አለ፤ ብርሃኑ ከኤፍ 1.8 ያንሳል፣ ግን ክፍሉን ይይዛል። ገዢው ከመወሰኑ በፊት የሰው 18-55 ሌንስ ተውሶ አንድ ቀን 35 ላይ፣ አንድ ቀን 50 ላይ አቁሞ ቤቱ ውስጥ ቢያነሳ፣ የሚያስፈልገውን ያለ ወጪ ያውቀዋል።

ቦዲው የትኛው ይሁን?

ካነን ወይስ ኒኮን የሚለው ክርክር ለጀማሪ ብዙ ትርጉም የለውም። የበለጠ የሚጠቅመው ጥያቄ «ማን አጠገቤ አለ?» የሚለው ነው። የአጎት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ካነን ካለው ካነን መግዛት ይሻላል፤ ሌንስ ይዋዋሳሉ፣ ቁልፉን ያሳያያሉ።

ለ2,000 ሼቄል በጀት መታየት ያለባቸው ሞዴሎች ብዙ አይደሉም። ከካነን 700ዲ የሚታጠፍና በጣት የሚነካ ስክሪን አለው። አነስ ያለውና ቀላሉ 250ዲ በ2019 የወጣ ስለሆነ ከተገኘ ጥሩ ነው። ከኒኮን ዲ3300፣ ዲ3400 እና ዲ3500 አሉ። ዲ3500 በአንድ ባትሪ 1,550 ያህል ፎቶ ያነሳል፤ 700ዲ ግን 440 ያህል ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ባትሪ ይፈልጋል። የካነን 4000ዲ አዲስ ሆኖ በርካሽ ሊታይ ይችላል፤ ግን ዋጋው የወረደው ነገሮች ተቀንሰውለት ነው፣ ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ከእሱ ይልቅ አሮጌው 700ዲ ይመረጣል።

ኒኮን የሚገዛ ሰው አንድ ወጥመድ ማወቅ አለበት። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። ሻጩ «50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲ» የሚል አሮጌ ሌንስ በርካሽ ቢያቀርብ ሌንሱ ይገጠማል፣ ግን በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ በእጅ ማዞር ነው። ስሙ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚለው መኖር አለበት። በካነን በኩል ጀማሪ ቦዲዎቹ ኢኤፍንም ኢኤፍ-ኤስንም ይቀበላሉ፤ ኢኤፍ-ኤም እና አርኤፍ የሚባሉት ግን መስታወት ለሌላቸው ካሜራዎች ስለሆኑ አይገጠሙም።

2,000 ሼቄል እንዴት ይከፈል?

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የሚጠቅመው ጣሪያ ማበጀት ነው። ለቦዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር እስከ 1,100 ሼቄል። ለብሩህ ሌንስ እስከ 500። ለሜሞሪ ካርድ፣ ለተጨማሪ ባትሪና ለትንሽ ቦርሳ እስከ 250። የቀረው 150 ለማተሚያ ይቀመጥ። ማተሚያው ቀልድ አይደለም፤ ምክንያቱ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል።

ቦዲው ከጣሪያው ካለፈ ሞዴሉን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ ከሌንሱ መቀነስ አይደለም። ቦዲ በየጊዜው ይቀየራል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ከአንዱ ቦዲ ወደ ሌላው እየተላለፈ ዓመታት ይቆያል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ሁለተኛው ሌንስ፣ ፍላሹ፣ ትሪፖዱ ሥራው ሲጠይቅ በየተራው ይመጣል።

ሜሞሪ ካርድ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ሐሰተኛ ካርድ በገበያው አለ፤ 64 ጊጋ ብሎ ጽፎ ግማሹን የማይዝ። ከታወቀ ሱቅ የተገዛ 32 ጊጋ ካርድ ለጀማሪ ይበቃል፤ ከ2,000 በላይ ፎቶ ይይዛል። ሃያ ዕቃ ያለው ጥቅል ውስጥ ያሉት ርካሽ ፊልተሮችና ሌንስ ላይ የሚገጠሙ «ማስፊያዎች» ግን ምስሉን ያበላሻሉ እንጂ አያሻሽሉም።

በታሽሉሚም መግዛትስ? ከሠራዊት የተለቀቀ ወጣት ማዓናክ የሚባለውን የመለቀቂያ ገንዘብ ለፈለገው ማዋል ይችላል። ፒቃዶን የተባለው ተቀማጭ ግን እንደ ትምህርት፣ ቤት፣ ትዳር ወይም ሥራ መክፈት ላሉ ጉዳዮች የተመደበ ነው። ያንን ተቀማጭ ለተፈቀደ የፎቶግራፍ ትምህርት ማዋልና ካሜራውን ያለ ዕዳ መግዛት፣ ትልቅ ካሜራ በ24 ወር ዕዳ ገዝቶ ትምህርቱን ከመተው ይሻላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ከሻጩ ጋር ሲገናኙ

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ቀጠሮው በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ይሁን። ገዢው የራሱን ሜሞሪ ካርድ ይዞ ይሂድ። እዚያው ቆሞ የሚሠራው ፈተና ከ15 ደቂቃ አይበልጥም።

መጀመሪያ ሌንሱ። የስልክ መብራት ከአንድ በኩል አብርቶ ከሌላው በኩል ማየት ነው። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር ከታየ ግን ሻጋታ ነው፤ እንደ ሐዴራ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች እርጥበት ስላለ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ሌንስ ሊሻግት ይችላል። ሻጋታ ያለበት ሌንስ በማንኛውም ዋጋ አይገዛም።

ሁለተኛ ሴንሰሩ። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 22 አጥብቦ ሰማይን ወይም ነጭ ግድግዳን ማንሳትና ፎቶውን አጉልቶ ማየት። ጥቂት ጥቁር ነጥቦች አቧራ ናቸው፣ ይጠረጋሉ። መስመር ወይም ጭረት ከታየ መተው ነው።

ሦስተኛ መጋረጃው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ። የጀማሪ ካሜራ መጋረጃ በግምት 100,000 ጊዜ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይም ሊሄድ ይችላል፣ ከዚያ በፊትም ሊሰበር ይችላል። በኒኮን ቁጥሩ በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ አንድ ፎቶ አንሥቶ ማንበብ ይቻላል። በብዙ የካነን ሞዴሎች ግን ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በተለየ ፕሮግራም ማየት ይጠይቃል። 20,000 ጊዜ የሠራ ካሜራ ገና ወጣት ነው። 90,000 ከሆነ ዋጋው በጣም መውረድ አለበት።

አራተኛ፣ ሁሉም ቁልፍ ይጫን፣ ፍላሹ ይነሣ፣ ፎከሱ ቅርብና ሩቅ ይሞከር፣ የባትሪው በር በደንብ ይዘጋ። ቻርጀሩ አብሮ ይምጣ። የግዢ ደረሰኝ ካለ ደግሞ ይጠየቅ፤ የተሰረቀ ዕቃ ላለመግዛት ይረዳል።

ሕጉ ማንን ይጠብቃል?

ከግለሰብ የተገዛ አሮጌ ካሜራ በሸማቾች ጥበቃ ሕግ አይሸፈንም፤ ሕጉ የሚመለከተው ነጋዴን ነው። ለዚህ ነው ፈተናው እዚያው መሠራት ያለበት።

ከሱቅ ወይም ከነጋዴ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛ ሰው ግን መብት አለው። በ1981 የወጣው የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እንዲህ ያለ ገዢ ዕቃውን ከተረከበ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል። ዕቃው እንከን ከሌለው ነጋዴው የሚቀንሰው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ለአዲስ ገቢዎች፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ ከነጋዴው ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ ጊዜው እስከ አራት ወር ይረዝማል። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፤ በስልክ ደውሎ «ልዩ ቅናሽ» የሚል ሻጭ ግን ብዙ ነው።

ሌላው ጥያቄ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል የሚለው ነው። ሕጋዊ አስመጪው ያመጣው ካሜራ ሲበላሽ አስመጪው ያድሰዋል። በትይዩ የገባው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ግን ኃላፊነቱ የሱቁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ተጽፎ መታየት አለበት። ከውጭ አገር የሚያዝም ሰው ከ2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ማዓም በዋጋው ላይ ሊጨመር እንደሚችል አስቦ ያወዳድር።

ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት

ካሜራው ተገዛ፣ ሌንሱም ተገጠመ እንበል። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ፎቶው አሁንም ሊጨልም ይችላል። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ ብርሃኑን የሚለካበት መንገድ ነው።

ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ነጠላና ነጭ ግድግዳ ፎቶውን ሲሞሉት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠፋል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ወደ መደመሩ ግማሽ ወይም አንድ ደረጃ መውሰድ ነው። ጠይም ፊት ብቻውን ፎቶውን ሲሞላው ደግሞ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ካሜራው «ጨለመ» ብሎ አብዝቶ ያበራዋል፣ ቆዳውም አመድ የነፋበት ይመስላል። ያኔ ወደ መቀነሱ ነው። በሁለቱም ጊዜ ትክክለኛው መለኪያ ፊቱ ነው፤ ልብሱ ኋላ ይደርሳል።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ እንዲሆን የሚልከው ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» በመባል ይታወቅ ነበር። ቀለሙ ለእሷ ፊት ሲስተካከል የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ኮዳክ ፊልሙን ማሻሻል የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ሴንሰሩ የተሻለ ነው፣ ግን ውሳኔውን ለማሽኑ የተወ ሰው ያንኑ ስህተት በአዲስ ዕቃ ይደግመዋል።

ሁለተኛው ምክር ነጻ ነው፦ መስኮት። የጣሪያውን መብራት አጥፍቶ አያትየውን ከመስኮቱ ጎን ማስቀመጥ፣ ብርሃኑ ከአንድ በኩል እንዲመጣ። ከቤት ውጭ ለመለማመድም ሐዴራ ታግዛለች። የቀድሞ ሰፋሪዎች ረግረጉን ለማድረቅ የተከሉት ባሕር ዛፍ ጥላው ለፊት ፎቶ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ይህ ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን ኢትዮጵያ የገባው ያው ዛፍ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሽታውን ያውቁታል፤ ወሬም ይከፍታል።

ካሜራው በማን እጅ ነው?

በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የከተማ ነገር ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ቀጠሉ። በገጠር ለሚኖረው ግን ፎቶ ማለት ከተማ ወርዶ ፎቶ ቤት መቀመጥ ነበር። የቤተ እስራኤልን መንደሮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያነሡት እንደ ዣክ ፋይትሎቪች ያሉ ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። በሱዳን በኩል በእግር የመጣ ወይም በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን የተነሣ ቤተሰብ ደግሞ አልበም ተሸክሞ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በጋዜጣ የወጡት ፎቶዎችም፣ ከአውሮፕላን መውረጃ እስከ ሰላማዊ ሰልፍ፣ በአብዛኛው ሌላ ሰው ለሌላ ሰው ያነሣቸው ናቸው።

የልጅ ልጅ ካሜራ ስትይዝ ይህ ይቀየራል። የውጭ ሰው የማያየውን ታያለች፦ አያቷ ነጠላቸውን ለስግድ እንዴት እንደሚያጣፉት፣ ረከቦቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ጀበናውን የያዘው እጅ ላይ ያለውን ንቅሳት። በእርግጥ ፈቃድ ይጠየቃል፤ «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት አይከብድም። በሰንበት ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ይቆያል። ስግድ ላይ ግን፣ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል እንደመሆኑ፣ ኢየሩሳሌም በሚሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቄሶቹን ከነጥላቸው ማንሳት ይቻላል። እዚያ ፀሐይ ስለማይጠፋ 18-55ቱ ራሱ ይበቃል።

በካሜራው ገንዘብ ማግኘት የሚያስብም አለ። ይቻላል፣ ግን ሰርግ የመጀመሪያ ሥራ አይሁን። አንድ ካሜራና አንድ ካርድ ይዞ ሰርግ የሚቀበል ሰው ካርዱ ሲበላሽ የሰው ቀን ያጠፋል። በልደት ይጀመር፣ ከባለሙያ ጋር ረዳት ሆኖ ይወጣ፣ ሁለተኛ ቦዲ ይገኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰርጉ ይመጣል።

ለተመደበው 150 ሼቄል ደግሞ ቦታው ይህ ነው። ስልክ ውስጥና ኮምፒውተር ውስጥ የቀረ ፎቶ አያትየው አያዩትም። ዓርብ የተነሣው ፎቶ እሑድ ሱቅ ተወስዶ ይታተማል፣ ሁለት ቅጂ። አንዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሌላውን ይዞ አጠገባቸው መቀመጥና መጠየቅ ነው፦ የተወለዱበት መንደር፣ የአባታቸው ስም፣ የአያታቸው ስም። መልሱ በእርሳስ ከፎቶው ጀርባ ይጻፋል።

በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ካሜራ ዛሬ ካለው ዋጋ ረክሶ ሊገኝ ይችላል። ለመግዛት መጠበቅ ያዋጣል የሚል ሰው በዚህ ስሌት ልክ ነው። ከፎቶው ጀርባ የሚጻፈውን የሚነግሩት ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመትም ሳሎኑ ውስጥ እንደሚቀመጡ ማንም ዋስ አይሆንም።